ከ14 ቃለ መጠይቅ በኋላ፦ አፌን መዝጋት እየለመድኩ ነው

ፖድካስት ከጀመርኩ ወዲህ 14 ቃለ መጠይቆች ቀርጫለሁ። የመጀመሪያዎቹን ስድስቱን ማንም ባይሰማቸው ደስ ይለኛል። ችግሩ የድምፅ ጥራት አልነበረም። እሱስ ቶሎ ይስተካከላል፤ ማይክሮፎኑን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቆ «ፕ» እና «ብ» ሲነገሩ የሚወጣው ትንፋሽ እንዳይመታው ጥቂት ወደ ጎን ማዞር ብዙውን ነገር ያቃልላል። ችግሩ እኔ ነበርኩ፤ አወራለሁ።

ይህን ያወቅሁት ሰባተኛውን ቃለ መጠይቅ ቃል በቃል በወረቀት ላይ ስገለብጥ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን ከማንኛውም ምክር በላይ ጠቅሞኛል። ከ31 ጥያቄዎቼ 19ኙ በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የሚዘጉ ነበሩ። እንግዳዬ ከብዙ ዓመት በኋላ ሙያቸውን የተዉ ነርስ ናቸው። «ሥራውን የተዉት ድካሙ በዝቶብዎት ነው ወይስ ደመወዙ አልበቃ ብሎ?» አልኳቸው። «ሁለቱም» አሉኝ። እኔም ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፍኩ። መቅረጫውን አጥፍቼ ገመድ ስጠቀልል «ለነገሩ መርፌ ስይዝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር» አሉ። ታሪኩ ይህ ነበር፤ እኔ ግን ሁለት መልስ አዘጋጅቼ ምረጡ ብያቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ለምን?» የሚለውን ቃል ቀንሻለሁ፤ የመርማሪ ቃና አለው። በምትኩ «እስቲ ያን ቀን ይንገሩኝ» እላለሁ። «እስቲ» የምትለው ቃል ስንት በር እንደምትከፍት ቀድሜ ባውቅ ኖሮ!

የከበደኝ ዝምታው ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የታተመ በ10 ቋንቋዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ መሆኑን አሳይቷል። ሁለት ሰከንድ ዝም ማለት ዘላለም የሚመስለው ለዚህ ይሆናል። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች ተመራማሪም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚታገሡት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነና ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝም አስተውላ ነበር። እኔም እንግዳው መልሱን ሲጨርስ በጫማዬ ውስጥ በአውራ ጣቴ ሦስት እቆጥራለሁ። ያስቃል፤ ግን ይሠራል። ብዙ ጊዜ ሁለት ላይ ስደርስ «እና ደግሞ…» ይላሉ።

በኢንተርኔት ስንነጋገር ግን ዘዴው ከሸፈብኝ። ድምፅ ስለሚዘገይ ዝም ስል መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው «ይሰማል?» ይላሉ። አሁን አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ፤ ካሜራ ከፍቼም ጭንቅላቴን እነቀንቃለሁ። «እህ»፣ «እሺ»፣ «ልክ ነው» ማለቴንም በዚያው ተውኩ፤ ሁለታችን በአንድ ትራክ (በአንድ የድምፅ ፋይል) ስንቀረጽ ድምፄ መልሳቸው ላይ ያርፍና ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። ብንችል እያንዳንዳችን በየራሳችን መሣሪያ ብንቀርጽ ይሻላል።

ያልፈታሁት ነገር ወሬ የሚወዱ እንግዶችን ነው። ለእነሱ ዝምታዬ ቤንዚን ነው። በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ማቋረጥ ደግሞ አንደበቴን ያስረዋል። 14ኛው እንግዳዬ አንዱን ጥያቄ 11 ደቂቃ መለሱት፤ ዘጠኙን ቆርጬ ጣልኩ። ትንፋሽ ሲወስዱ ስማቸውን በአክብሮት ጠርቶ መግባት ይቻላል የሚባለውን ሞክሬ «ቆይ ልጨርስልህ» ተብያለሁ። ያገኛችሁት መላ ካለ ጻፉልኝ።

ቀጣዩ፣ 15ኛው እንግዳዬ በስልክ ስናወራ ከ«አዎ» እና «አይ» ሌላ አልተናገሩም። ጥያቄዎቹን ከ20 ወደ 7 አውርጃለሁ።