የገብርኤልን ላባ የያዘው መነኩሴ

የቁልቢ ሰሞን፣ ታህሳስ 19 ሊደርስ ሲል፣ ድሬ በእንግዳ ተጥለቅልቃ አልጋ ሲጠፋ ሁሌ አንድ መነኩሴ ትዝ ይለኛል። ፍራ ቺፖላ ይባላል፣ ጣልያኑ ቦካቾ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ዴካሜሮን ውስጥ ነው ያለው። ሰውየው በየዓመቱ ቼርታልዶ የምትባል ከተማ እየመጣ ምጽዋት ይሰበስባል፣ አንዴ ግን ምን ይላል፣ መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ሊያበስር ሲመጣ ክፍሏ ውስጥ የጣለውን ላባ አሳያችኋለሁ! ላባው የበቀቀን ነው፣ እዛ አገር ደግሞ በቀቀን የሚያውቅ የለም፣ ማን ይጠይቀዋል። ሁለት ቀልደኞች ታዲያ ላባውን ሰርቀው ሳጥኑን ከሰል ይሞሉበታል። አቦ እኔ ብሆን ህዝብ ፊት ከፍቼ ከሰል ሳይ እዛው ነበር የምወድቀው፣ እሱ ግን ፊቱ ሳይለወጥ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ፈጣሪን አመስግኖ ሳጥኑን ዘጋና ስለ ጉዞው ረጅም ወሬ ጀመረ፣ ኢየሩሳሌም ሄጄ ፓትርያርኩ የሰለሞንን ቤተመቅደስ የደወል ድምፅ በብልቃጥ ሰጠኝ (ድምፅ በብልቃጥ!)፣ ሳጥኖቹ ስለሚመሳሰሉ ተሳስቼ ነው እንጂ ይሄ ሰማዕቱ ቅዱስ ላውረንስ የተጠበሰበት ከሰል ነው አላቸው። ሰዉም እየተጋፋ ከወትሮው አብልጦ ሰጠው።

በርጫ ላይ ሳወራው ሁሉም ሳቀ፣ አንዱ ብቻ "ሰጪዎቹስ?" አለ፣ እውነቱን ነው። እኔ ባነበብኳቸው ላይ ስግብግቡ ካህን ደደብ አይደለም፣ አፉ ነው ገበያው፣ ሰሚ ከሌለው ደግሞ ምንም አይደለም።

ሌላው ጣልያን፣ ገጣሚው ዳንቴ ግን ቀልድ የለውም። የቤተክርስቲያን ሹመት በገንዘብ የሸጡትን፣ የሲሞን መሠሪን ተከታዮች፣ ሲኦል ውስጥ በጭንቅላታቸው ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ ተክሏቸው እግራቸው ይነዳል፣ የሮማው ጳጳስ ኒኮላስ 3ኛም እዛው ተዘቅዝቆ ጳጳስ ቦኒፌስ 8ኛን እየጠበቀ ነው፣ ያውም ግጥሙ በሚተርክበት ጊዜ ቦኒፌስ ገና በህይወት እያለ!

ለኔ ከሁሉም የሚብሰው የእንግሊዙ ገጣሚ ቾሰር ነው። እሱ በጻፈው ውስጥ ካንተርበሪ የሚባል ቅዱስ ቦታ ሊሳለሙ ከሚሄዱት መንገደኞች መሀል አንድ የስርየት ወረቀት ሻጭ አለ፣ የትራስ ልብስ ይዞ የማርያም መሸፈኛ ነው ይላል፣ የአሳማ አጥንት የቅዱሳን ነው ብሎ ያሳያል፣ ስብከቱ ሁሌ "ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው" የሚለው ጥቅስ ነው፣ የሚሰብከው ደግሞ ለገንዘብ እንደሆነ፣ ልጆቿ በረሃብ ቢያልቁ እንኳን ከድሃ መበለት እንደሚቀበል ራሱ በአፉ ይናገራል። የሚገርመው ስብከቱ ግሩም ነው! ሞትን ሊገድሉ የወጡ ሦስት ሰካራሞች ዛፍ ስር ወርቅ አግኝተው ይጨራረሳሉ፣ እኔ እንኳን ሳነበው ንስሐ ግባ ግባ ነው ያለኝ።

ይሄን ሁሉ ነግሯቸው ሲያበቃ አያፍርም፣ በሉ አሁን ተንበርከኩና ሳሙ፣ ክፈሉ ይላቸዋል፣ አብሯቸው የሚጓዘውን የሆቴል ባለቤት ደግሞ ኃጢአተኛ አንተ ስለሆንክ ቅደም ይለዋል። ሰውየው ታዲያ እዚህ የማልጽፈውን ስድብ ለቀቀበት። ያ ሁሉ ምላስ አንድ ቃል አጣ፣ በንዴት ጭጭ አለ። ከመንገደኞቹ አንዱ፣ ፈረሰኛው፣ መሀል ገብቶ አሳሳማቸውና ጉዞ ቀጠሉ፣ እኔ ብሆን ግን አላስታርቃቸውም ነበር።