ፕሮግራሙን ሳይገድሉ ማኅደረ ትውስታውን መቅዳት

ለገጣፎ ካለው ቤቴ ሆኜ የምከታተለው የአንድ መጋዘን የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ሌሊት ላይ መልስ መስጠት አቆመ። አጥፍቶ ማስነሳቱ የ2 ደቂቃ ሥራ ቢሆንም፣ ማስረጃውም አብሮ ስለሚጠፋ፣ በዚህ ጊዜ እጄን ሰብስቤ በሊኑክስ ላይ ጂኮር የተባለውን ትእዛዝ ከፕሮሰሱ (በመሥራት ላይ ካለው ፕሮግራም) መለያ ቁጥር ጋር ሰጠሁ።

ጂኮር፣ ጂዲቢ በተባለው የፕሮግራም ስህተት መመርመሪያ መሣሪያ አማካይነት፣ ፕሮሰሱን ለጊዜው ያቆመዋል፣ የማኅደረ ትውስታውን ይዘት ወደ ፋይል ይጽፋል፣ ከዚያም መልሶ ይለቀዋል። ፕሮሰሱ 6 ጊጋባይት ይዞ ከሆነ ፋይሉም ወደዚያው ሊጠጋ ስለሚችል፣ አስቀድሞ የዲስኩን ባዶ ቦታ ማየት ይገባል፤ እኔ አንድ ጊዜ ይህን ረስቼ ዲስኩን ሞልቼዋለሁ። በዊንዶውስ ላይ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራውን ፕሮክዳምፕ የተባለ መሣሪያ፣ ፕሮሰሱ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲፒዩ ሲጠቀም ራሱ እንዲቀዳ ማዘዝም ይቻላል።

በጥቂት ሰከንዶች ልዩነት ሁለት ቅጂ መውሰድን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ቅጂ ብቻውን፣ የቆመን ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚሄዱ የሥራ መስመሮች አንዱን) በከንቱ ከሚሽከረከር ትሬድ ለመለየት አያስችልም። በሁለቱም ቅጂዎች የትሬዶቹን የጥሪ ሰንሰለት፣ ማለትም የትኛው የፕሮግራሙ ክፍል የትኛውን ጠርቶ እዚያ እንደደረሰ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ ሳወጣ፣ ሁለት ትሬዶች አንዱ ሌላው የያዘውን ቁልፍ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚይዘውን የመጠቀሚያ ፈቃድ) ሲጠባበቁ፣ ከቦታቸውም ንቅንቅ ሳይሉ አገኘኋቸው።

ፋይሉ የይለፍ ቃልና የደንበኞች መረጃ ሳይመሰጠር ሊይዝ ስለሚችል ለማንም አልላክሁትም፤ የሰፈራችን ኢንተርኔትም ለማውረድ አይመችም ነበርና እዚያው ሰርቨሩ ላይ መርምሬ አጠፋሁት።