ዋንጫ አንስቶ የፈረሰው ክለብ

ሰሞኑን አንድ የቆየ ጨዋታ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1999፣ ቶኪዮ፣ ብሔራዊ ስታዲየም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 1991 መሆኑ ነው።) የንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ የሚባለው የጃፓን የጥሎ ማለፍ ውድድር ፍጻሜ ነበር። ዮኮሃማ ፍሉገልስ ሺሚዙ ኤስፐልስን 2 ለ 1 ረታ። ተጫዋቾቹ ዋንጫውን ተቀበሉ። ያ ክለብ ከዚያ ቀን ወዲህ ሜዳ ገብቶ አያውቅም።

ወደዚህ ታሪክ የገባሁት በአንድ አሰልጣኝ በኩል ነው። ቪሴል ኮቤ በ2023 እና በ2024 በተከታታይ የጃፓን ሻምፒዮን ሲሆን አሰልጣኙ ታካዩኪ ዮሺዳ ነበር። ሰውየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ወደ ኋላ ሄድኩ። ለካ የዚያን ፍጻሜ ማሸነፊያ ግብ በ73ኛው ደቂቃ ያስቆጠረው እሱ ነው። የፍሉገልስን የመጨረሻ ግብ ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ምሽቶቼ ሁሉ ወደዚህ ክለብ ዞሩ።

ጅማሬው በ1964 ነው፤ ዮኮሃማ ውስጥ የተቋቋመ የአካባቢ ቡድን ነበር። ኋላ ላይ ኦል ኒፖን ኤርዌይስ የተባለው አየር መንገድ በስፖንሰርነት ገባ፤ ቆይቶም ጠቅልሎ ያዘው። አብሮ መኖሩ ቀላል አልነበረም። በ1986 በክለቡ ውስጥ በተነሳ ጠብ ስድስት ተጫዋቾች አንጫወትም ብለው ከጨዋታ ቀሩ፤ ቅጣትም ተከተላቸው። የመጨረሻውን ታሪክ ካወቅኩ በኋላ ይህን ሳነብ ልቤ ከበድ አለኝ። ክለቡ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ገና ከጠዋቱ እዚያ ነበር።

በ1993 የጃፓን ፕሮፌሽናል ሊግ ሲጀመር ፍሉገልስ ከአሥሩ መሥራች ክለቦች አንዱ ሆነ። ሊጉ ትልቅ ሐሳብ ይዞ ነው የመጣው። እስከዚያ ድረስ የጃፓን ኳስ የፋብሪካና የመሥሪያ ቤት ኳስ ነበር። አሁን ክለብ የከተማው ነው ተባለ፤ የኩባንያ ስም ከክለብ ስም ላይ ይውጣ ተባለ። ስሙ ወጣ። ገንዘቡ ግን የሚመጣው ከዚያው ከኩባንያው ነው። ዮኮሃማ ውስጥ ሁለት ክለቦች ነበሩ። ማሪኖስ የኒሳን ነበር። ፍሉገልስ ደግሞ የአየር መንገዱና ሳቶ ኮግዮ የሚባል የኮንስትራክሽን ኩባንያ የጋራ ንብረት ነበር።

ጥሩ ቡድን ነበራቸው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን የንጉሠ ነገሥቱን ዋንጫ ወሰዱ፤ በፍጻሜው ካሺማ አንትለርስን በጭማሪ ሰዓት 6 ለ 2 ነው ያሸነፉት። ቀጥሎ የእስያ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን በሉ። ከብራዚል ዚኞን፣ ኤቫየርንና ሴዛር ሳምፓዮን አመጡ።

ሳምፓዮ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1998 የፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ የመክፈቻ ጨዋታ፣ ብራዚል ከስኮትላንድ፣ ገና ኳሱ ሳይሟሟቅ በጭንቅላት የገባችውን ግብ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። የዚያ የዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ግብ ናት። ያስቆጠራት ሳምፓዮ የፍሉገልስ ተጫዋች ነበር። አምበሉ ሞቶሂሮ ያማጉቺም ለጃፓን እዚያው ፈረንሳይ ተጫውቷል። በረኛው ሴይጎ ናራዛኪም በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት በማርች ወር ያሱሂቶ ኤንዶ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታውን በፍሉገልስ ማልያ አደረገ፤ ያውም ከማሪኖስ ጋር። ይህ ልጅ ኋላ ለጃፓን 152 ጊዜ ተሰልፏል፤ ከእሱ በላይ የተሰለፈ የለም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች የያዘ ክለብ ነው እንግዲህ ትፈርሳለህ የተባለው።

ኦክቶበር 29 ቀን 1998 ዜናው ወጣ። የጃፓን ኢኮኖሚ ታሞ ነበር። ሳቶ ኮግዮ ከዚህ በላይ መክፈል አልችልም ብሎ ወጣ። አየር መንገዱ ብቻውን መሸከም አልፈለገም። ኒሳንም ቢሆን በዕዳ ተውጦ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ከፈረንሳዩ ሬኖ ጋር ሽርክና የገባው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለቱ የዮኮሃማ ክለቦች ይዋሃዳሉ ተባለ። ውሕደት ይባል እንጂ የቀረው ማሪኖስ ነው። ከፍሉገልስ የተረፈው በማሪኖስ ስም መሀል የገባው ኤፍ የሚለው ፊደል ነው። ዮኮሃማ ኤፍ ማሪኖስ። አንድ ፊደል ለአንድ ሙሉ ክለብ መካሻ ሆኖ ቀረበ። እኔ ብሆን ያን ፊደል ባየሁ ቁጥር ያመኝ ነበር።

የሒሳቡን ነገር አልክድም። ገንዘብ ከሌለ ደመወዝ የለም። ያናደደኝ አካሄዱ ነው። ከተማው የእናንተ ነው፣ ክለቡም የእናንተ ነው የተባሉ ሰዎች ውሳኔው ካለቀ በኋላ ተነገራቸው። ደጋፊዎች ፊርማ አሰባሰቡ፣ ለመኑ፣ ተከራከሩ። ምንም አልተቀየረም።

ከዜናው ሁለት ቀን በኋላ የሊግ ጨዋታ ነበራቸው። ሴሬዞ ኦሳካን 7 ለ 0 አሸነፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው አንድም ጨዋታ አልተሸነፉም። አሰልጣኙ ጌርት ኤንግልስ የሚባል ጀርመናዊ ነበር፤ ካርለስ ሬሻክ በመሀል ሲሄድ ቡድኑን የተረከበ ሰው ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ለተጫዋቾች ምን ይባላል? ሥራ የሚፈልግ አለ፤ ቤተሰብ ያለው አለ፤ የሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚሆን የማያውቅ አለ። እነሱ ግን ልምምድ ገቡ።

ሊጉ አለቀና የንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ ብቻ ቀረ። ጥሎ ማለፍ ነው። እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሚቆመው። ሌላው ቡድን ከጥሎ ማለፍ ከወጣ ወደ ቤቱ ሄዶ ለቀጣዩ ዓመት ይዘጋጃል። ፍሉገልስ ግን የተሸነፈ ቀን ክለቡ በዚያው ያበቃል። ያሸነፈ ቀን ደግሞ ጥቂት ቀናት ይጨመሩለታል። እያንዳንዱ ጨዋታ የመጨረሻቸው ሊሆን ይችላል። ተጋጣሚውም ያውቀዋል። ፍሉገልስን አሸንፎ የቀበረ ቡድን መሆን ማን ይፈልጋል? ግን ደግሞ ማን ለቆ ይጫወታል?

ማንም አልለቀቀላቸውም። ሩብ ፍጻሜ ላይ ጁቢሎ ኢዋታ ደረሳቸው፤ የ1997 ሻምፒዮን ነው። 2 ለ 1 አለፉት። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ካሺማ አንትለርስ፤ የዚያው ዓመት ሻምፒዮን። 1 ለ 0። የአገሪቱን ሁለት ኃያላን ጥለው ነው አዲስ ዓመት ላይ የደረሱት። በጃፓን ይህ ፍጻሜ ያኔ በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ነበር የሚካሄደው፤ ሁሉም ሰው ቤቱ ሆኖ የሚያየው ጨዋታ ነው።

የገጠማቸው ኤስፐልስም ስለ መፍረስ የሚያውቅ ክለብ ነበር። ከአሥሩ መሥራቾች ውስጥ ከኩባንያ ቡድን ያልወጣ እሱ ብቻ ነው፤ የኳስ ከተማ ከምትባለው ሺሚዙ ሰዎች የተወለደ። በ1997 ገንዘብ አልቆበት ለትንሽ ተርፏል። ሁለት የተጎዱ ክለቦች ተገናኙ። መጀመሪያ ያገባው ኤስፐልስ ነው፤ ማሳአኪ ሳዋኖቦሪ። ልክ ከእረፍት በፊት የፍሉገልሱ ኩቦያማ አቻ አደረገ። ከእረፍት በኋላ ዮሺዳ ጨረሰው።

ፍጻሜው ላይ ከዚያ በፊት ያልነበረ ነገር አለ። እስከ ግማሽ ፍጻሜ ድረስ ማሸነፍ ዕድሜ ያስጨምር ነበር። በፍጻሜው ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ቀጣይ ጨዋታ የለም። የሚያድኑት ነገር አልነበረም። ታዲያ እንደዚያ የሮጡት ለምንድን ነው? ብዙ አሰብኩበት። እኔን የሚያሳምነኝ መልስ ማልያውን ለብሶ ሜዳ ላይ መቆየት ራሱ ይበቃቸው ነበር የሚለው ነው። ሁለት ወር ከምናምን አብረው ቆዩ። አብረው በቆዩበት ሰዓት ሁሉ አሸነፉ።

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጉታል። ያምራላ። ለእኔ ግን ከዚያ በኋላ ያለው እኩል ይከብዳል።

ከደጋፊዎቹ ብዙዎቹ ማሪኖስን እንደግፍ አላሉም። ትናንት ሲጮሁበት የነበረ ተቀናቃኝ ነው፤ እንዴት ይላሉ? ገንዘብ አዋጥተው በዚያው በ1998 መጨረሻ ዮኮሃማ ኤፍሲን መሠረቱ። ሐሳቡን የወሰዱት ከባርሴሎና ነው፤ አባላት ይከፍላሉ፣ አባላት ይወስናሉ። የመጀመሪያ አሰልጣኛቸው የ1990 የዓለም ዋንጫ አሸናፊው ፒየር ሊትባርስኪ ነበር። በቡንደስሊጋ የተጫወተ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ያሱሂኮ ኦኩዴራም በአመራሩ ገባ። አርማቸው ላይ ከአመድ የሚነሳውን ወፍ ፊኒክስን አደረጉ። ከፕሮፌሽናል ሊጉ በታች ተነሱ፤ 1999ን እና 2000ን በአንደኝነት ጨርሰው በ2001 ሁለተኛ ሊግ ገቡ። በ2006 ሁለተኛውን ሊግ አሸንፈው ወደ ላይ ወጡ።

በማርች 2007 ማሪኖስን በሚፁዛዋ ሜዳ ገጠሙት። 1 ለ 0 አሸነፉ። ያን ቀን እዚያ የቆሙ የድሮ የፍሉገልስ ደጋፊዎች ምን እንደተሰማቸው እያሰብኩ ብቻዬን ፈገግ ብያለሁ። በኦገስት ሲመላለሱ ግን ማሪኖስ 8 ለ 1 ቀጣቸው። በዓመቱ መጨረሻ የመጨረሻውን ደረጃ ይዘው ወረዱ። ከመውረዳቸው በፊት በመጨረሻው ቀን ኡራዋ ሬድስን 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ከእጁ አስጣሉት፤ ካሺማ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ መውጣትና መውረድ የኑሯቸው ልማድ ሆኗል። ከ2005 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ካዙዮሺ ሚዩራ አብሯቸው ነበር፤ በ2017 በ50 ዓመቱ ግብ ያገባው፣ በ2020 በ53 ዓመቱ በአንደኛው ሊግ የተሰለፈው በእነሱ ማልያ ነው።

የአባላት ባለቤትነቱ ግን አልዘለቀም። ዓመታት ሲያልፉ ክለቡ በአንድ የምግብ አገልግሎት ኩባንያ እጅ ገባ። ኩባንያ ክለባችንን ገደለው ብለው የወጡ ሰዎች የመሠረቱት ክለብ በኩባንያ ገንዘብ ነው የሚኖረው። ይህ ሲያሳዝነኝ ከረመ። ከዳተኞች ናቸው ማለት ግን አልችልም። ደመወዝ፣ የልምምድ ሜዳ፣ ጉዞ፣ ይህ ሁሉ በመዋጮ ብቻ አይሸፈንም። ደግሞ ክለቡ አለ። ዛሬም ይጫወታል። ማሪኖስን የመረጡም አሉ፤ ኤፍ ካለች ትበቃኛለች ያሉ። ኳስ ማየት ጨርሰው የተዉም አሉ። በማናቸውም ላይ መፍረድ አይሆንልኝም።

እኔ ጃፓንን ረግጬ አላውቅም። ግን ልቤ ወደ ኤፍሲ አድልቷል። ጨዋታዎቻቸው አብዛኛውን ጊዜ ለእኛ ጠዋት ላይ ነው የሚውሉት፤ ቅዳሜ ከቁርስ ጋር ይመቻል። ከዚያ በፊት ግን የዚያን ግማሽ ፍጻሜ ሙሉ ቅጂ መፈለግ አለብኝ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ፍጻሜው ነው። እኔ ማየት የምፈልገው ካሺማን በ1 ለ 0 ይዘው ሰዓቱ እስኪያልቅ እንዴት እንደቆዩ ነው፤ ያን ቀን አንድ ግብ ቢገባባቸው ኖሮ ለእነሱ ፍጻሜው ራሱ ላይኖር ይችል ነበር።