መለኪያ ዘንግ የሌለው ካምቢዮ፦ የአዲስ ፒክአፕ ኤቲኤፍ (የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) እንዴት ይለካል?

አዲስ ኦቶማቲክ ፒክአፕ የገዛ ሰው ኮፈኑን ከፍቶ የሞተሩን ዘይት መለኪያ ወዲያው ያገኛል። የካምቢዮውን ግን ቢፈልግ ቢፈልግ አያገኝም። ጠፍቶ አይደለም፣ መጀመሪያውኑ አልተሠራለትም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የመጡት ባለ 6 ማርሽ ኦቶማቲክ ሃይሉክሶች የዘይት ልካቸው የሚታየው ከሥር፣ ካምቢዮው ሆድ ላይ ባለች አንዲት ቡሎን ነው፤ ስትፈታ ከልኩ ያለፈው ዘይት ይወርዳል። ባለ 10 ማርሹ የፎርድ ካምቢዮ መለኪያ አለው፤ ግን አጭር ነው፣ ከመሙያው ክዳን ጋር ተያይዞ ከሥር በጎን በኩል፣ ለጭስ ማውጫው ቀርቦ ይገኛል። እጅ ያቃጥላል።

ዋስትናው ያላለቀ መኪና ከሆነ ቡሎኗን ባትነኩ ይሻላል። በየሳምንቱ ጎንበስ ብሎ ኮፓውን (ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) እና ወደ ራዲያተር የሚሄዱትን ቱቦዎች ማየት ይበቃል። ካምቢዮ እንደ ሞተር ዘይት አይበላም፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው።

መክፈት ግድ ሲሆን ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ሙቀቱ ነው። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል። 10 ሊትር ገደማ በሚይዝ ካምቢዮ ውስጥ የ60 ዲግሪ ልዩነት ወደ ግማሽ ሊትር ያህል ያመጣል። ስለዚህ ከህዳሴ ድልድይ ተነሥቶ ያንን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ጭነት ይዞ የወጣ ፒክአፕ ደጀን ላይ ቆሞ ቡሎኑ ቢፈታ ዘይቱ ይንዠቀዠቃል። ሾፌሩም «በዝቶ ነበር» ብሎ እስኪቆም ያፈስሰዋል። በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ላይ በጠዋት ብርድ ሲነሣ ካምቢዮው ጎድሎበታል። የተገላቢጦሹም አለ፤ በብርድ እስኪንጠባጠብ የተሞላ ካምቢዮ ዓባይ በረሃ ሲወርድና ሲወጣ ከልኩ አልፎ ይገኛል።

የሚለካበት ሙቀት እንደ መኪናው ይለያያል፤ መጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ከሥር በቡሎን የሚለኩት አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ጠበብ ያለ ክልል አላቸው። ባለ 10 ማርሹ ፎርድ ግን ከ96 እስከ 101 ዲግሪ ይላል፣ ማለትም በደንብ ተነድቶ የሞቀ። ሙቀቱን የሚያነበው ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ስካነር ነው። ርካሾቹ የብሉቱዝ ስካነሮች የሞተሩን ውሃ ሙቀት አሳይተው የካምቢዮውን ላያሳዩ ስለሚችሉ ከመግዛት በፊት ይጠየቅ። ኮፓው ላይ ጨረር እያበሩ የሚለኩበት ቴርሞሜትር የብረቱን ቆዳ እንጂ የዘይቱን ሙቀት አይነግርም። ከምንም ይሻላል፣ ከዚያ በላይ ግን አትመኑት።

ለቡሎን ዓይነቱ ምቹው ሰዓት ጠዋት ነው፤ ሙቀቱ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ መጠበቅ፣ የጋለውን እስኪበርድ ከመጠበቅ ይቀላል። ጭነቱን አራግፉ። መኪናው ፍጹም ሜዳ ላይ ይሁን፤ የፊቱን ብቻ በክሪክ ማንሣት ዘይቱን ወደ ኋላ ሰብስቦ ልኩን ያበላሸዋል፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባትም ሞት መጥራት ነው። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ካለ ተገላገላችሁ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ይታገድ፣ ኤሲው ይጥፋ። ሞተሩን አስነሡና እግራችሁን ፍሬን ላይ አድርጋችሁ ማርሹን ከፓርክ እስከ ድራይቭ፣ ከድራይቭ ወደ ፓርክ፣ በየቦታው 3 ሰከንድ ያህል እያቆያችሁ አዙሩት። ይህ የውስጥ መተላለፊያዎቹን በዘይት ይሞላል። ከዚያ ሞተሩ እንደተነሣ ይቆይ። ከጠፋ ዘይቱ ወደ ኮፓው ስለሚወርድ የሌለ ትርፍ ያሳያል።

ሙቀቱ ክልሉ ውስጥ ሲገባ አስቀድማችሁ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። ይህን ቅደም ተከተል የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው፤ ዘይቱን አፍስሶ ሲያበቃ መሙያው አልፈታ ይለውና መኪናው እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ የልክ ማያዋን ቡሎን። ልብ በሉ፣ አንዳንዱ ካምቢዮ ላይ ሙሉውን የሚያፈስሰው ቡሎን ለብቻው አለ፤ ሁለቱን አታምታቱ። ትንሽ ወርዶ ቀጥ ካለ በውስጧ ቱቦ የቀረው ነው፣ ሞልቷል ማለት አይደለም። በቀጭኑ ከወረደ ትርፍ አለ፣ ወደ ጠብታ እስኪለወጥ ጠብቁ። ጨርሶ ካልወረደ በእጅ ፓምፕ በመሙያው በኩል ሩብ ሊትር ሩብ ሊትር እየጨመራችሁ ጠብ ጠብ ሲል አቁሙ። ይህ ሁሉ ሙቀቱ ከክልሉ ሳያልፍ ነው። ሮንዴላውን በአዲስ ቀይሩ። አጠባበቁ ጡንቻ አይፈልግም፣ ብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ 20 ኒውተን ሜትር ነው። ቤቱ አሉሚኒየም ስለሆነ በጉልበት ሲጠብቅ ጥርሱ ይላጣል።

ዘይቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «የካምቢዮ ዘይት» ያለ ሰው የማንዋል ካምቢዮውን ወፍራም ዘይት፣ 90 ወይም 140 የሚባለውን፣ ይዞ ሊወጣ ይችላል። ኤቲኤፍ በሉ፣ ያም ብቻውን አይበቃም። ሃይሉክሱ ቶዮታ ደብሊው ኤስ ነው የሚፈልገው፣ ባለ 10 ማርሹ ፎርድ ደግሞ መርኮን ዩ ኤል ቪ። ዩ ኤል ቪን በመርኮን ኤል ቪ መተካት አይቻልም፤ የአንድ ፊደል ልዩነት ይመስላል እንጂ ቅጥነታቸው አይገናኝም። ለሁሉም ይሆናል ተብሎ የሚሸጠውን ቀይ ዘይት ለአዲስ ካምቢዮ አልመክርም።

ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ድራይቭ ውስጥ ገብቶ ለመንቀሳቀስ ይዘገያል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል መኪናው ግን አይሄድም። ሲበዛ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን ይንጡታል፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ስለዚህ ሁለቱም መጨረሻቸው መንሸራተትና መጋል ነው። የመብዛቱ ልዩ ምልክት በመተንፈሻው (ካምቢዮው አየር በሚያስወጣበትና በሚያስገባበት ቀዳዳ) በኩል ዘይት መትፋቱ ነው።

ያችው መተንፈሻ በክረምት ጠንቅ ናት። በዳገት የጋለ ካምቢዮ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዝና ወደ ውስጥ ይስባል፤ የመተንፈሻዋ ጫፍ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃውን ይጠጣል። ከዚህ በኋላ ቡሎኑ ሲፈታ የወረደው ጠብታ ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወተት የተቀላቀለበት ሻይ ከመሰለ፣ ልኩ ትክክል ቢሆንም መኪናውን አትንዱት። ወንዝ ሳይገቡ ይህ ከታየ ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ተቀድዶ ሊሆን ስለሚችል የራዲያተሩን ውሃም እዩት።