ልክክ ብሎ ገጠመ፣ ከዚያ ሸተተ

ሰውዬው ወደ ሱቃችን የገባው ዕቃውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ነበር። ያኔ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ከተቀጠርኩ ገና አራት ወር ቢሆነኝ ነው። ፎጣውን ሲገልጠው ነጭና ጠቆር ያለ ቀይ የቲቪ ጌም ሳጥን ወጣ፤ ሁለቱ ጆይስቲኮች እንደ አሜሪካው የሚነቀሉ ሳይሆኑ ገመዳቸው ከውስጥ የተያዘ ነው።

ፋሚኮም ነው። ኒንቴንዶ በሐምሌ 1983 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው፣ በ1985 መጨረሻ ደግሞ ስሙን ኤንኢኤስ ብሎ፣ መልኩንም ግራጫ ሳጥን አድርጎ ኒው ዮርክ ላይ ለአሜሪካኖች ያቀረበው ጌም። የሰውዬው አባት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባልደረባ ሆነው ጃፓን ዮኮሱካ ሲመደቡ እዚያ የገዙለት ነው።

«አዳፕተሩ ጠፍቶብኛል፤ እስኪ ይሠራ እንደሆነ እዩልኝ» አለ። «ባለፈው ዓመት ይሠራ ነበር።»

ይቺን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ።

እኔ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። እኛ ሰፈር ከአሜሪካ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ሊሰካ ሲል ቤተሰቡ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። አክስቴ ባለ 110ውን የጁስ መፍጫ 220 ላይ ሰክታ ወጥ ቤቱ በጭስ ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ «የሌላ አገር ዕቃ» ሲባል ቀድሞ ወደ ጭንቅላቴ የሚመጣው የግድግዳው ቮልት ነው። የጃፓን ግድግዳ 100 ቮልት፣ የአሜሪካ 120። የጃፓን አዳፕተር ከመፈለግ ይልቅ ለ120 የተሠራ የኒንቴንዶ አዳፕተር ብጠቀም የበለጠ ጥንቃቄ መሰለኝ፣ ሥራዬንም አውቄ የሠራሁ ያህል ኮራሁ። መደርደሪያው ላይ የኤንኢኤስ አዳፕተር ነበረ። ሰካሁት። ልክክ አለ።

ከፈትኩት። ቲቪው ቻናል 3 ላይ ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም የለም። አጠፋሁና እንደገና ከፈትኩ። ከዚያ ያቺ ብየዳ ይዞ የሚውል ሰው ሁሉ የሚያውቃት ሽታ መጣች።

ጋሼ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ቀና አሉ። የሱቁ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው፤ ያገር ልጅ ስለሆኑ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ፈረንጆቹ ደግሞ ስማቸው መስሏቸው እነሱም ጋሼ ይሏቸዋል።

«ምንድን ነው የሰካህበት?»

«የአሜሪካውን ነው ጋሼ፣ ለቮልቱ ብዬ...»

«ጽሑፉን አንብበኸዋል?»

«አዎ፣ ኤሲ አዳፕተር ይላል።»

«እሱማ ሁሉም ይላል!»

መልቲሜትራቸውን፣ ያንን የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ይዘው መጡ። ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄደው ኤሌክትሪክ) ላይ አድርገው አዳፕተሩን ሲለኩት ዜሮ አካባቢ። መደወያውን ወደ ኤሲ (አቅጣጫው የሚገለባበጠው) ሲያዞሩት ከ9 በላይ ወጣ። እኔ ዝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኤንኢኤስ አዳፕተር ትራንስፎርመር ብቻ ነው፤ የግድግዳውን 120 ቮልት ኤሲ ተቀብሎ 9 ቮልት ኤሲ ያወጣል። ወደ ዲሲ የመቀየሩን ሥራ የሚሠሩት ኮንሶሉ፣ ማለትም የጌሙ ሳጥን፣ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ አራት ዳዮዶች ናቸው። የፋሚኮም ግን ይህን ሥራ አዳፕተሩ ራሱ ይጨርሰዋል፤ የሚያወጣው 10 ቮልት ዲሲ ነው፣ የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ። ኮንሶሉ ውስጥ ዳዮዶቹ የሉም። እኔ በሰከንድ 60 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚገለባበጥ ኤሌክትሪክ ነው በቀጥታ የላክሁበት፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ለይቶ የሚቆም ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ደግሞ መገለባበጥ አይወድለትም። የጃፓኑ አዳፕተር ኤችቪሲ-002 ይባላል፣ የአሜሪካው ኤንኢኤስ-002። ቁጥሩ አንድ፣ ሶኬቱም ይገጥማል። ሳስበው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ፣ የጌም ካሴቱን የጃፓኑን ባለ 60 እግር የአሜሪካውን ባለ 72 አድርገው እንዳይገጥም ለይተውት፣ የሚያቃጥለውን ቀዳዳ ግን እንዳለ መተዋቸው ነው።

«ደውልለት» አሉኝ ጋሼ።

«ከጠገንኩት በኋላ ብነግረው አይሻልም?»

«ቢድንም ባይድንም ይወቅ። አሁን ደውል።»

ደወልኩ። ደህና የነበረውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩት፤ እንግሊዝኛዬ ያን ቀን ጭራሽ ጠፋብኝ። ሰውዬው ትንሽ ዝም ብሎ «ይድናል?» ብቻ አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከፈትነው። መግቢያው ላይ ያለው ካፓሲተር አብጧል፣ 5 ቮልት የሚያወጣው 7805 ሬጉሌተር ሞቷል። ሁለቱም ርካሽ ዕቃ ናቸው፤ ዋናዎቹ ቺፖች ተርፈው እንደሆነ ግን ሳይበራ አይታወቅም። ቀየርኳቸው። ለአዳፕተር ጋሼ የሌላ የቲቪ ጌም፣ የመጀመሪያው ሞዴል የሴጋ ጀነሲስ፣ አዳፕተር አቀበሉኝ፤ ዲሲ ነው፣ መሃሉም ኔጌቲቭ። ከመሰካቴ በፊት ሦስት ጊዜ ለካሁ፣ በአራተኛው ጋሼ «በቃ እኮ» አሉኝ።

ከፈትኩ። ሽሽሽ።

ፋሚኮም ላይ መብራት የሚባል ነገር የለም፣ ይብራ ይጥፋ በዓይን አታውቅም። ወንበሬ ላይ ተዘረጋሁ። ለሰውዬው ድጋሚ ስደውል የምለውን በሆዴ እያዘጋጀሁ ሳለ ጋሼ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ቻናል ስንት ላይ ነህ?»

«3።»

«እሱ የአሜሪካው ነው።»

ፋሚኮም ሥዕሉን የሚልከው በአንቴና ገመድ ብቻ ነው፣ ያውም በጃፓን ቻናል 1 ወይም 2። ያ ሞገድ አሜሪካ ውስጥ የኤፍኤም ሬዲዮ ስፍራ ነው፤ የአሜሪካ ቲቪ የሚያገኘው አንቴና ከሚለው ወደ ኬብል ተቀይሮ 95 ወይም 96 ላይ ሲደረግ ነው። ማለትም መጀመሪያውኑ ትክክለኛውን አዳፕተር ሰክቼ ቢሆን እንኳ፣ ደህናውን ዕቃ ሞቷል ብዬ ልፈታታው ነበር።

95 ላይ ሳደርገው ሰውዬው ያመጣው ካሴት ብቅ አለ፣ ከነሙዚቃው። ጩኸቴን የሰማ ደንበኛ ከበር ተመለሰ።

ሰውዬው በማግስቱ መጣ። ገና ሳያመሰግን፣ ሳይቆጣም፣ ሁለተኛውን ጆይስቲክ አንስቶ ወደ አፉ አስጠጋና «ሄሎ» አለ። ድምፁ ከቲቪው ወጣ። ለካ የፋሚኮም ሁለተኛ ጆይስቲክ ማይክሮፎን አለው፤ የአሜሪካው ይህ የለውም። ልጅ እያለ ከእህቱ ጋር በዚህ ሲጮሁ አባቱ ይቆጡ እንደነበር እየነገረን የጥገና አልጠየቅነውም፣ እሱም ኪሱ አልገባም።

ሊወጣ ሲል ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ያረፈው ያ የኤንኢኤስ አዳፕተር ላይ ሄደ። ጋሼ ወገቡን በነጭ ፕላስተር ጠምጥመው በወፍራም እስክሪብቶ በአማርኛ ጽፈውበታል።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«‹ኤሲ ነኝ፣ ፋሚኮም ላይ እንዳትሰካኝ› ይላል።»

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አይ፣ ለእኔ የተጻፈ ነው።»