ጠበል አይደለም

ቅዳሴን ለምእመን ማስረዳት የሚከብደው ሰዉ ስለማያውቀው አይመስለኝም። በቃሉ ስለሚያውቀው ነው። ካህኑ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ የሰፈራችን እናቶች «ምስለ መንፈስከ» ለማለት መጽሐፍ አይገልጡም። ዜማው ከልጅነት ጀምሮ ጆሯቸው ውስጥ አለ። የለመዱትን ነገር ደግሞ ማን «ይሄ ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል?

ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከእናቶች ጋር ትንሽ ጉባኤ ይዘናል። አስረጂዋ እኔ ነኝ። አሥራ አራቱን ቅዳሴያት በስም መዘርዘር ይቻላል፤ ግን ማንን ይጠቅማል? እኔ የምነሣው ጠዋት በዓይናቸው ካዩት ነገር ነው። ባለፈው ከወንጌል በኋላ ያለውን አነሣን። ዲያቆኑ «ፃኡ ንዑሰ ክርስቲያን» ሲል ገና ያልተጠመቁት፣ በትምህርት ላይ ያሉት፣ ይውጡ ማለቱ ነው። እኛ ደብር ያቺ ሰዓት የአርፋጆች መግቢያ ናት። ዲያቆኑ ውጡ ይላል፣ ሰዉ ነጠላውን እያስተካከለ ይገባል። በሳቅ ሞቱ።

ዛሬ ደግሞ እጅ መታጠቡ ላይ ደረስን። ጸሎተ ሃይማኖት እንዳለቀ ካህኑ እጃቸውን ይታጠባሉ። በፎጣ ሳያደርቁ ወደ ሕዝቡ ዞረው ውኃውን ያራግፉታል። በሴቶች በኩል ለቆመ ሰው ይህች ሰዓት ታስታውቃለች፤ ግፊያ አለ። መዳፍ ይዘረጋል። ጠብታ የደረሳት ፊቷን ታብስበታለች፣ ሕፃን ያቀፈች የልጇን ግንባር።

ካህኑ ያን ጊዜ የሚሉት ግን ሌላ ነው። ንጹሕ የሆነ ከቁርባኑ ይቀበል፣ ያልሆነ አይቀበል ይላሉ። እጄን ከውጭ እድፍ እንዳነጻሁ እንዲሁ ከሁላችሁም ደም ንጹሕ ነኝ፤ ደፍራችሁ ብትቀርቡ እኔ የለሁበትም፣ ነው ነገሩ። ጲላጦስ በሕዝቡ ፊት እጁን መታጠቡ ትዝ ይላችኋል? እሱ ነው። ውኃው ማስጠንቀቂያ ነው።

አዳራሹ ፀጥ አለ። ከፊት የተቀመጡት እናት ናቸው ቀድመው የተናገሩት።

«እኔን! ታዲያ እስከ ዛሬ ጠበል ነው ብዬ ስቀባው የኖርኩት?»

«እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ እትዬ።»

«ለጉልበቴ እኮ ነው የምቀባው!»

ከጎናቸው ያሉት «ታዲያ አልተሻለዎትም?» አሏቸው። አዳራሹ እንደገና ተናጋ።

እኔ መዳፋቸውን መዘርጋታቸው አያስከፋኝም። በረከት ፈልገው ነው። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ያ ማስጠንቀቂያ የሚነገረው ሊቆርብ ለመጣ ሰው ነው። የእኛ ሰው ግን አብዛኛው አይቆርብም። ሰዓቱ ሲደርስ የሚሰለፉት ሕፃናትና አረጋውያን ናቸው። ከመሐል ያለነው፣ ከሃያ እስከ ስልሳ ያለነው፣ ቆመን እናያለን፤ መጨረሻ ላይ የቅዳሴ ጠበል ጠጥተን ወደ ቤት። «አስቀደስኩ» ማለት ለብዙዎቻችን ተገኘሁ ማለት ሆኗል።

ምክንያቱ ንቀት አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ንስሐ መግባት አለ፣ አሥራ ስምንት ሰዓት መጾም አለ፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «እኔ ማን ነኝና» የሚል አለ። ፍርሃቱን አከብራለሁ። ግን ቅዳሴው የቁርባኑ ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔሙ ጀምሮ፣ ኅብስቱ በጃንጥላና በቃጭል ታጅቦ ከሚገባበት ሰዓት ጀምሮ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነገራቸው ዕድሜ ልካቸውን የቆሙ ሰዎች አሉ። ይሄ የእነሱ ጥፋት አይደለም። እኛ እናውቃለን የምንለው ሰዎች ስንት ዓመት ስለ ዜማ ውበት ስናወራ ኖርን።

አሜሪካ ያለችው እህቴ እነሱ ጋ ግእዙም አማርኛውም እንግሊዝኛውም በስክሪን እንደሚወጣ ትነግረኛለች። ጥሩ ነው፣ በተለይ እዚያ ለተወለዱት ልጆች። እኔ ግን ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው የካህኑን እጅ ያያል ወይ እላለሁ። ምናልባት እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ።

ልንነሣ ስንል የጉልበቷ እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ቅዳሴው ለመቁረብ ከሆነ እኛ ምን ስንሠራ ነው የምንውለው?»

መልሱ የእኔ አይደለም። ካህኑ መጥተው ራሳቸው ይመልሱ ብዬ ለሚቀጥለው እሑድ ቀጠርኩ። ሌሎቹ ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡ። እሳቸው በር ላይ ጠብቀው ክንዴን ያዙኝ።

«ንስሐ አባቴ ስልካቸውን ሳይቀይሩ አልቀሩም። አዲሱ አንቺ ጋ ይኖራል?»