የቡድን ሕክምናው ጠቅሞኛል፤ አራተኛው ሳምንት ግን ጥርሴን አስከፈለኝ

የሚጥል በሽታ ከያዘኝ 14 ዓመት ሆነኝ። ካርባማዜፒን ጠዋትና ማታ እውጣለሁ። መውደቁ በጣም ቀንሷል። ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነበር። ታክሲ ውስጥ ብወድቅስ፣ ምጣድ ላይ ብወድቅስ፣ ልጄን ይዤ ከአራተኛ ፎቅ ስወርድ ብወድቅስ እያልኩ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግቢ መውጣት ያቆምኩበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሜ «አሁን ያስቸገረሽ ጭንቀቱ ነው» ብለው ወደ አንድ የቡድን ሕክምና ላኩኝ። ማይንድፉልነስ ይሉታል፤ በሰውነትና በሐሳብ አሁን የሚሆነውን ሳይፈርዱ ማስተዋል ማለት ነው። እኛ እርስ በርሳችን «ልብ ማለት» ነበር የምንለው።

ምዝገባው ቀላል ነው። ሪፈር ወረቀት፣ ካርድ፣ አንድ መጠይቅ፣ በቃ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ8 ሳምንት፣ 9 ሰዎች ሆነን። ይህ የ8 ሳምንት አሠራር በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጆን ካባት ዚን ከጀመረው የመጣ ነው። ልብ ማለት ለኛ ሕመምም ተሞክሯል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ መድኃኒት በደንብ ያልያዘላቸው 60 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ ልብ ማለትን የተለማመዱት የኑሮ ስሜታቸው ይበልጥ ተሻሽሏል። ክኒኑን ይተካል የሚላችሁ ሰው ካለ ግን አትስሙት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። ተጋድመን ከእግር ጣት እስከ ራስ ሰውነታችንን በሐሳብ እንዳስሳለን፣ ቀስ ብለን እንራመዳለን፣ ከዚያ እናወራለን። አንዳንዴ እናለቅሳለን።

አራተኛው ሳምንት ላይ ልቆይ፤ ይህን የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት ጎረቤት ለቅሶ ተቀምጬ ሦስት ሰዓት እንኳ አልተኛሁም። የእንቅልፍ እጦት እንደሚጥለኝ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ቢሆንም ሄድኩ። ስደርስ የለመድናት አስተማሪ የለችም፤ ሌላ ሰው ተተክቷል። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በጥልቀት ሳቡ፣ አውጡ፣ ፈጠን አድርጉት» አለን። እኔ ይህን ትንፋሽ አውቀዋለሁ! የአንጎል ምርመራ፣ ኢኢጂ የሚሉትን፣ ስነሣ ባለሙያዋ ለሦስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ነበር ያስተነፈሰችኝ፤ ሕመሙ ካለ ምልክቱ እንዲወጣ ተብሎ። ታዲያ በዚያ ክፍል ያለነው ሁላችንም በዚሁ ሕመም መሆናችን እየታወቀ እንዴት እንዲህ ያስተነፍሱናል? ያኔ ግን ዝም አልኩ። ሁሉም ሲሠራ እኔ ብቻ እጅ ማውጣት አፈርኩ።

ከሆዴ አንድ ነገር ወደ ላይ መጣ። የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። የኔ ምልክት ይህ ነው፤ ለመናገር ጥቂት ሰከንድ ይሰጠኛል። እነዚያንም ሰከንዶች በእፍረት ጨረስኳቸው።

ስነቃ ክፍሉ ክብሪት ክብሪት ይሸታል፣ አፌ ደም ደም ይላል። ዘበኛው ሮጦ ገብቶ ማንኪያ አፌ ውስጥ ከትቶ ነበር፤ የፊት ጥርሴ የተሸረፈው በሱ ነው። ማንኪያውን የነጠቁት፣ በጎኔ ያስተኙኝና ነጠላቸውን አጣጥፈው ከራሴ ሥር ያደረጉት ከኛው መካከል ያሉ አንድ ጋሼ ናቸው። በዘበኛው አልፈርድም፣ ማንም አላስተማረውም። የሚያንገበግበኝ አስተባባሪው ነው። ሄጄ ስነግረው «ትንፋሽ ማንንም አይጎዳም፣ አንቺ ተጨንቀሽ ነው» አለኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አምስተኛውን ሳምንት ቀረሁ። ጋሼ ደውለው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ስወድቅ ሰው ሲሸሽ ነው የኖርኩት። አንቺ ስትወድቂ ግን ስምንታችንም እስክትነቂ አልተነሣንም። ነይ።» ተመለስኩ።

ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን ምልክታችሁ ምን እንደሆነና ስትወድቁ ምን እንደሚደረግ ለሁሉም ተናገሩ፣ ለዘበኛውም ጭምር፦ በጎን ማስተኛት፣ አፍ ውስጥ ምንም አለማስገባት፣ ሰዓት መያዝ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት። ፈጣን ትንፋሽ ከታዘዛችሁ አትሥሩ፤ እንደወትሮው ተንፍሱ። ዓይን ጨፍኑ ይላሉ፣ እኔ ገልጬ ወለሉን እያየሁ ነው የምሠራው። የተሰጠን ወረቀት ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታችሁ 45 ደቂቃ ተለማመዱ ይላል፤ እኔ አልስማማም። እንቅልፋችሁን አትንኩ። የማታ ክኒኔን ከዋጥኩ በኋላ 10 ደቂቃ ነው የኔ፣ እሱም ሠርቶልኛል። ጸበል የምትሄዱም ሂዱ፣ ግን መድኃኒታችሁን ይዛችሁ። በጾምም ቢሆን ሰዓቱን አታሳልፉ።

ከሁሉም በላይ ያገኘሁት ሁለቱን ሆድ መለየት ነው። በፊት ሆዴ ትንሽ ከተላወሰ አለቀልኝ እል ነበር። አሁን ቆም ብዬ አየዋለሁ። የሕመሙ ጎማ ይሸታል፣ ወዲያው ይመጣል፣ ወዲያው ያልፋል። የፍርሃቱ አይሸትም፤ ሐሳቤን ተከትሎ ከፍ ዝቅ ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ወደ ቃሊቲ ስሄድ ታክሲው ውስጥ ሆዴ ተነሣ። ድሮ ቢሆን «ወራጅ አለ!» ብዬ ዘልዬ እወርድ ነበር። አሸተትኩ። ጎማ የለም። የልጄን እጅ ይዤ በመስኮት እያየሁ ጠበቅኩ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታም ሄድኩ።